ለክርስትና የተቀመጠ ቅባት

አምቦ መነኻሪያ ጀርባ ባለችው የዘቢደር ሹሩባ ቤት ፀጉሯን ልትሠራ የምትገባ ሴት ጆሮዋን አዘጋጅታ መግባት አለባት። ደንበኛዋ ከቦርሳዋ የቅባት ዕቃ ስታወጣ ዘቢደር ትቀበላትና በቀጥታ ወደ ጀርባው ትሄዳለች። እዚያ እንደ ጉንዳን መንጋ የሚርመሰመሰውን ጽሑፍ ወደ መስኮቱ አዙራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትደናቀፍ ታነበንበዋለች። ሜቲልፓራቤን፣ ፕሮፒልፓራቤን፣ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን። ከዚያ ዕቃውን ትመልስና፣ «የኔ እህት፣ ይኼ ቅባት ከአንቺም ከእኔም በላይ ዕድሜ ተመኝተውለታል» ትላለች።

ትምህርቷን ያቆመችው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ይህን ሁሉ ስም ያስተማራት አስተማሪ ሳይሆን የዐይኗ ቆብ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሁለቱም ቆቦቿ አብጠውና ቀልተው፣ ከዐይን ሕመም እስከ ቡዳ ያልተባሉት ነገር አልነበረም። ሦስተኛ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አንዲት ነርስ መድኃኒት ከመጻፏ በፊት፣ ፀጉርሽንና ፊትሽን በምንድን ነው የምትታጠቢው ብላ ጠየቀቻት። ሻምፖውን ባቆመች በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጠፋ። ዘቢደርም ያንን ጠርሙስ ሳትጥል መዝገበ ቃላትና ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ዓመታት ሲቀመጥ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ነገር እንዳለ ያወቀችው ያኔ ነው። እሷ «ማቆያ» ብላ ጠራችው። አንዳንዱ ማቆያ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያስቆጣል፤ አንዳንዱ ሆርሞን ይነካ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል፤ አንዳንዱም ፎርማሊንን በትንሽ በትንሹ የሚለቅ ነው። ሁሉም በሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል ያለ የለም፤ ሊቃውንቱ ገና የሚከራከሩባቸውም ብዙ ናቸው። ዘቢደር ግን ክርክሩን የምታነበው እስከሚስማማት ገጽ ድረስ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የዘሩባቤል የመዋቢያ ዕቃ መደብር የእሷ የዘወትር መተረቢያ ነው። መደርደሪያውን ሙዚየም ትለዋለች። ዘሩባቤል አርባውን ያለፈ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነውና በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዶክተር፣ ዛሬስ ማንን ገደልኩ?» እያለ ይጠይቃታል። እሷም አንቱታዋን ሳታጓድል፣ ገና ሪፖርቱ አልደረሰኝም ትለዋለች።

የራሷን ቅባት መሥራት የጀመረችው አምና ነው። ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም ታነጥራለች፤ ሰምና የጉሎ ዘይት ታቀልጥበታለች። ይህ ብቻውን ግን ይከብዳል፤ የከተማ ሴት የለመደችው ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው የሚጠፋ ክሬም ነው። ስለዚህ ዘቢደር ከአምቦ የማዕድን ውሃ ምንጭ የቀዳችውን ውሃ ለብ አድርጋ ጠብ ጠብ እያደረገች ትመታዋለች። ሲመታ ይነጣል፣ ይነፋል፣ እንደ ጥጥ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ለምን እንዳላደረገች ለሚጠይቃት መልሷ ዝግጁ ነው። የምንጩን ውሃ በጠርሙስ ሞልታ መስኮቷ ላይ ካስቀመጠች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አልሸተተም፣ አልደፈረሰም። የአምቦ ልጅ ደግሞ በውሃዋ አትታማም። ራሱ የማይበላሽ ነገር የገባበትም አይበላሽም ብላ ቆረጠች። ማንንም አልጠየቀችም። በዚህ ጉዳይ አምቦ ውስጥ ከእሷ በላይ ያነበበ ማን አለና?

ነጫጭ ዕቃዎች ገዝታ ሞላችና በእጇ «ማቆያ የሌለው» ብላ ጻፈችባቸው። ሴቶቹ ወደዱት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሰው ሌላ ይጠይቃሉ። አንድም ሰው ተበላሸብኝ አላለም፤ ለመበላሸት የሚያስችል ጊዜ ያገኘ ዕቃ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጧት አዴ ቢፍቱ ቅቤ ይዘው መጡ። አዴ ቢፍቱ ከጌዶ እስከ አምቦ ገበያ ድረስ ለሠላሳ ዓመት ቅቤ የነገዱ ሴት ናቸው። ዘቢደር የአንዲት ተማሪ ሹሩባ እስክትጨርስ ድረስ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ፣ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ የተረሳ ዕቃ አዩና አወረዱ። ባለቤቷ እወስደዋለሁ ብላ የቀረች፣ ሁለት ወር ተኩል የሆነው ነው። ክዳኑን ከፈቱ። ለማሽተት እንኳ አልቸኮሉም፤ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉትና ቀና አድርገው አዩት። በጣታቸው ዙሪያ የውሃ ዶቃ አቀረረ። ክዳኑን ሲገለብጡት ደግሞ ከውስጥ በኩል አመድማ ነጠብጣብ ተዘርቶበታል።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ውሃውን ለምን ተውሽበት?»

«አልተውኩትም፤ እኔው ነኝ የጨመርኩት።»

አዴ ቢፍቱ በቤታቸው ጣራ ላይ ሆን ብሎ ቀዳዳ የከፈተ ሰው ያዩ መሰሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃን ከቅቤ ውስጥ ሲያባርሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ቅቤ ሲናጥ አሬራው በቀዝቃዛ ውሃ እየታሸ ይወጣል፤ ከዚያ ያ ውሃ ራሱ ጠብታ ሳይቀር ተጨምቆ ይወጣል፤ አለዚያ ቅቤው ገበያ ሳይደርስ ይሻግታል። ይህን በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀሉ አስረዷት። ዘቢደር በበኩሏ ክዳኑ በደንብ አልገጠመ ይሆናል አለች፤ መደርደሪያው ፀሐይ ይመታዋል አለች፤ የምንጭ ውሃ እኮ ነው አለች። አዴ ቢፍቱ አልተከራከሯትም። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ከዚህ ጋር የሠራሽው ሌላውስ የት አለ?»

ሌላውማ ተሸጧል፤ ተቀብቶ አልቋል። ዘቢደር እንዲህ ልትመልስ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ እንግዳወርቅ ትዝ አለቻት።

እንግዳወርቅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት፤ አዲስ ዓለም ነው ያገባችው። ሴት ልጅ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ዘቢደር ራሷ ሄዳ ጠይቃታለች፤ ከቅባቱም አንድ ዕቃ ይዛላት ሄዳለች። እንግዳወርቅ ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «ይኼማ እንዲሁ አይነካም፤ ለክርስትናዋ ቀን ነው» ብላ ከሕፃኗ ነጭ ቀሚስ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ዘቢደርን ደስታ እንደ ፊኛ ነፍቷት ነበር። ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላት ነገ ነው።

ደኅና ነገር ለቀን ይቀመጣል። ደኅናው ብርጭቆ፣ ደኅናው ቀሚስ፣ ደኅናው አንሶላ እንግዳና በዓል ይጠብቃል። ዘቢደር እዚሁ አገር ተወልዳ፣ ቅባቷ ደኅና ነገር ሲባል እንደሚቀመጥ እንዴት እንዳላሰበች ለራሷም አልገባትም።

ስልክ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። የድግስ ዋዜማ ቤት ስልክ የት እንደወደቀ ማን ያውቃል። ተማሪዋን ከአንገት በላይ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሱቋን ለአዴ ቢፍቱ አደራ ሰጥታ ወደ መነኻሪያው ሮጠች።

ሚኒባሱ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከአጠገቡም ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ የሚሄደው ዘሩባቤል ተቀምጧል። ዘቢደር የሚቀጥለውን ልጠብቅ ይሆን ብላ አስባ፣ ገባች።

ከተማውን እንኳ ሳይለቁ ዘሩባቤል ጀመረ። ዶክተር ዛሬ ሥራ ዘግታ የት ነው? ክርስትና አለብኝ አለችው፤ ውሸት አልነበረም። ስጦታ የታለ አላት። ቀድሞ ሄዷል አለችው፤ ይኸም ውሸት አልነበረም። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የጤፍ ማሳው እያለፈ፣ ስለ ውሃው አሰበች። ጠርሙስ ውስጥ ለብቻው ያለ ውሃ የሚበላ ነገር የለበትም፤ ሻጋታው ምን ሊያደርግ ይመጣል? ከቅቤና ከሰም ጋር ሲደባለቅ ግን ምግብና መጠጡን አንድ ላይ አዘጋጅታ ጠርታዋለች። የፋብሪካዎቹም ነገር የገባት አሁን ነው። ክሬማቸው ውሃ ስላለበት ነው ማቆያ የጨመሩት። እሷ ማቆያውን አውጥታ ውሃውን ተወችው። ያን ሁሉ ስም ስታነበንብ በእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈውን፣ ውሃ የሚለውን፣ ስንት ጊዜ ዘላው አለፈች።

ጊንጪ ሲቃረቡ ዘሩባቤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከፊታቸው የተቀመጡትን ሰዎች ገላመጠና ወደ እሷ ዘንበል አለ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካወራሽው ግን አላልኩም እላለሁ። ዶርቃስ ያንቺን ቅባት ነው የምትቀባው።»

ዶርቃስ ሚስቱ ናት። ከሱቁ የሚያመጣላት ሁሉ ፊቷን ሲያሳክካት፣ በጎረቤት ሴት በኩል ከዘቢደር አስገዛላት። በሰው እጅ ያስገዛው ስሙ እንዳይነሳ ብሎ ነው፤ ከተገዛ ሦስት ወር ሆኖታል። እንዳያልቅባት ብላ በእሑድ በእሑድ ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት ነው የምትቀባው።

ሌላ ቀን ቢሆን ዘቢደር ይህን ወሬ በአደባባይ መድረክ አሠርታ ታወራው ነበር። አሁን ግን ቀን ቆጠረች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ነገ እሑድ ነው፤ ዶርቃስ ክዳኑን ትከፍታለች።

«ጋሽ ዘሩባቤል፣ ይደውሉላት። ትጣለው።»

«ምን?»

«ተበላሽቷል። ውሃ ጨምሬበት ነበር፣ ሻገተ። አሁንም የምሄደው አንዲት ሕፃን ሳይቀቧት ልደርስ ነው።»

ዘሩባቤል ሳቀ፤ ከፊት ያሉት ሁሉ ዞር እስኪሉ ሳቀ። ቢያንስ የእኔ ዕቃ ጢም አያበቅልም አለ። ከዚያ ሳቁ በራሱ ጊዜ ቆመና ስልኩን አወጣ። ለሚስቱ ምክንያቱን ሳይዘረዝር፣ ያን ነጭ ዕቃ እንዳትነኪው፣ የሠራችው ራሷ ናት ያለችው አላት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ማቆያ ለምን እንደሚጨመር አሁን ገባሽ?»

«ገባኝ። ዶርቃስን ለምን እንዳሳከካት ደግሞ ዱሮውንም ገብቶኛል።»

«ምላስሽ ግን ያለ ማቆያ እንዴት እንዲህ ቆየ?» አለ ዘሩባቤል። አዲስ ዓለም ስትወርድ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት።

የእንግዳወርቅ ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ከውስጥ ሴቶች ሕፃኗን ሊያጥቡ ተሰብስበዋል፤ ነገ በጧት ቤተ ክርስቲያን ስለምትሄድ ዛሬ ከሰዓት ታጥባ፣ ተቀባብታ ማደሯ ነው። አጣቢዋ እትዬ ዓለሚቱ ናቸው፤ የእንግዳወርቅ አማት። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ሕፃኗን ከሳፋው ውስጥ በፎጣ ሲያነሷት ዘቢደር በር ላይ ደረሰች። ነጩ ዕቃ ከጎናቸው ዱካ ላይ ተቀምጧል። እንግዳወርቅ ጓደኛዋን ስታይ ፊቷ በራ። ባለሙያዋ ራሷ መጣች፣ ይኼን የሠራችው እሷ ናት፣ ኬሚካል የሚባል የለበትም ብላ ለሴቶቹ አስተዋወቀቻት።

ዘቢደር መጀመሪያ በዘዴ ልትወጣው ሞከረች። ዕቃውን አነሳ አድርጋ፣ ይኼ የቆየ ነው፣ ሌላ አዲስ አመጣላችኋለሁ አለች። ሴቶቹ ሳቁ። የሰጡትን መልሶ መውሰድ የየት አገር ወግ ነው አሉ እትዬ ዓለሚቱ፤ ዕቃውን ከእጇ ተቀብለውም ክዳኑን ከፈቱ።

ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም። ነጭ ነው፤ ክዳኑም ንጹሕ ነው። ቁም ሳጥኑ ቀዝቃዛና ጨለማ ስለነበረ ይሆናል። ዘቢደር ልቧ ሊያርፍ ዳዳው። ይኼኛው ተርፎ ይሆናል። ደግሞስ ሱቅ ውስጥ ያየችውን እዚህ ቤት ማን ያውቃል? እትዬ ዓለሚቱ ሁለት ጣታቸውን ነከሩ።

ዘቢደር የእትዬ ዓለሚቱን ክንድ ያዘች። የባልቴት ክንድ በዚህ ሁኔታ አይያዝም።

«አይቀቧት፣ እትዬ። ተበላሽቷል።»

«ምኑ ነው የተበላሸው? እንዲህ ነጥቶ?»

«ገና አልታየም። አምቦ የቀረው ጓዱ ሻግቷል፤ አንድ ቀን ነው የሠራኋቸው። ሳይታይ ነው የሚጀምረው፤ ለሕፃን ቆዳ ደግሞ ያልታየውም ይበቃዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ውሃ ጨመርኩበት።»

«ማቆያ የለውም ብለሽ ስትኮሪበት አልነበር እንዴ?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

«የለውም። ለዚያ ነው የተበላሸው።»

እትዬ ዓለሚቱ ጣታቸውን በፎጣ ጠረጉ፤ አንዴ ጠርገው አልበቃቸውም። እንግዳወርቅ ዕቃውን አንስታ የተጻፈበትን ስታይ ቆየችና ወደ ጓዳ ገባች። ያ ከስድብ ይልቅ ዘቢደርን አመማት። ከሴቶቹ አንዷ፣ የሠፈር ሰው ሥራ እንዲህ ነው፣ ደግ አደረግሁ የሱቅ በመያዜ ብላ ከቦርሳዋ ሽታው ቀድሞ የሚደርስ የሕፃን ሎሽን አወጣች። ቀን አለው፣ ማኅተም አለው አለች። ሎሽኑ እጅ በእጅ ሲያልፍ ዘቢደር ጋ ደረሰ፤ እጇ በለመደው ገለበጠው።

አለ። ከመጨረሻው ሦስተኛ መስመር ላይ፣ የዐይኗን ቆብ ያሳበጠው ያ ረጅም ስም፣ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን፣ ተጽፏል። አሁን ምን አፍ አላት? እዚህ ቤት ውስጥ ዛሬ እንድትናገር የሚፈቅድላት የለም። ግን ሕፃኗ ፎጣው ውስጥ እጇን እያወናጨፈች ነው።

«ብታምኑኝ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የተለመደው ተረብ አልነበረም፤ «ይኸም አይሆናትም። የእኔን ዐይን ያሳበጠው ነገር እዚህ ላይ አለ። ሁሉንም ሰው ላይነካ ይችላል። እሷን ይንካት አይንካት ደግሞ ነገ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምንሞክረው አይደለም።»

የሎሽኑ ባለቤት፣ የራስሽ ሲበላሽ የሰውን ታሚያለሽ አለቻት። እትዬ ዓለሚቱ ግን ዘቢደርን አተኩረው አዩዋት።

«ተይ» አሉ ሴትዮዋን። «ልትዋሽ ብትመጣ በገዛ ዕቃዋ ላይ አትጀምርም ነበር።» ሕፃኗን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ብብቷንና የአንገቷን እጥፋት በቀስታ አደረቁ። ቀለል ያለ ልብስ አለበሷት። ቅባት አልቀቧትም። «ቆዳዋ ምን ጎደለውና ነው የምንጨቀጭቃት?»

እንግዳወርቅ ከጓዳ ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። ሁለት ወር ሙሉ ነው የጠበቅሁት አለች፤ ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለዘቢደር። ዘቢደር፣ አውቃለሁ አለች። ይቅርታ ለማለት ስትዘጋጅ እንግዳወርቅ ቀደመቻትና፣ ቆማ ከምታለቅስ ሽንኩርት እንድትልጥ ቢላ ሰጠቻት። ሰው ሁሉ ፊት ከሆነው በኋላ ከወዳጅነታቸው ምን ያህሉ እንደተረፈ ዘቢደር አላወቀችም፤ ቢላውን ግን ተቀበለች።

ሽንኩርቱ ሲያልቅ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ቅባቱን ከግቢው ጀርባ ካለው አመድ ውስጥ ቀበረችና የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከእንግዳወርቅ ሌላ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለእንግዳ ብሎ ያስቀመጠ ስንት ሰው እንዳለ አታውቅም። ስለዚህ ሁሉም ጋ መደወል አለባት፤ ስሞቹ በስልኳ ውስጥ አሉ። ለመጀመሪያዋ ሴት ስትደውል ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ምንጩ ውሃ ብዙ አወራች፤ ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ፣ እና ምን ሆነ ነው የምትይኝ አለቻት። ለሁለተኛዋ ክዳኑን ተወችው። አምስተኛዋ ጋ ስትደርስ ነገሩ አጠረ፦ የሸጥኩልሽ ቅባት ይበላሻል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የቀረሽ ካለ ጣይው።

ስድስተኛዋ ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር የምትኖር፣ ቱሪስት በጀልባ የሚያሻግር ሰው ሚስት ናት። ፀሐዩና ንፋሱ ፊቷን ስለሚያደርቀው ሁለት ዕቃ ነው የወሰደችው፤ አንዱን አልከፈተችውም። እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣ «ታዲያ እስከዚያው ምን ልቀባ?» አለቻት።

ዘቢደር ለማንም ሴት ብላው የማታውቀውን መልስ መለሰች።

«ምንም።»